«ሻኦሊን ሶከር» ምኑ ነው የሚያስቀው?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከ14 ዓመት ልጄ ጋር ‹ሻኦሊን ሶከር› የሚባለውን ፊልም አየን። እሱ በሳቅ ከሶፋው ሊወድቅ ደረሰ። እኔ ግን ግማሹ አልገባኝም። ኳሷ እሳት ሆና ስትበር ይሁን፣ እሱስ ይገባኛል። ሜዳ ላይ መፍቻ የሚወድቅበት ተጫዋች ምንድን ነው? ፀጉሯን ተላጭታ የመጣችውን ልጅ ‹ወደ ማርስ ተመለሺ› ማለትስ? ትርጉሙ ተበላሽቶ ነው ወይስ የቻይና ቀልድ ድሮም ቅጥ አምባር የለውም?»

ከጥያቄው ጭራ ልጀምር። ትርጉሙ አልተበላሸም፤ ቢበላሽም ጥቂት ነው። ሥራዬ ለፊልም ሰብታይትል ማዘጋጀት ስለሆነ ጥፋቱን ተርጓሚ ላይ ለመጫን አልቸኩልም። ወገንተኛ መሆኔን ከወዲሁ ይወቁልኝ። ቀልዱ ግን እውነትም ቅጥ አምባር የለውም። ስሙም ያንኑ ነው የሚለው።

በካንቶንኛ፣ ሆንግ ኮንግ በሚነገረው የቻይና ቋንቋ፣ «ሞ ሌይ ታው» ይሉታል። ራሱና ጭራው የማይለይ ነገር እንደማለት ነው። እኛ «ውሉ የጠፋ» የምንለው ዓይነት። የስሙ አመጣጥ ራሱ ያስቃል። ሐረጉ ድሮ ረዘም ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል ወደ መቀመጫ አካባቢ ስለምትጠጋ ሰው በጨዋ ፊት ሊጠራት አፈረና ተቆርጣ ቀረች። ስለ ራስና ጭራ የሚያወራው ስም ራሱ ጭራ የለውም።

«የቻይና ቀልድ» ያሉትን ግን ላጥብበው። ይሄ የሆንግ ኮንግ ቀልድ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሆንግ ኮንግን ሲኒማ ማንዳሪን፣ የዋናው ቻይና ብሔራዊ ቋንቋ፣ ተቆጣጥሮት ነበር። በ1972 የከተማው ሰው አፉን በፈታበት በካንቶንኛ የሚሠራ ፊልም ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ ኮሜዲያኑ ማይክል ሁይና ወንድሞቹ ከቴሌቪዥን መጡ። የሰፈሩን ሰው ኑሮ በሰፈሩ ቋንቋ እያሾፉበት ተመልካቹን ወደ ካንቶንኛ መለሱት። የማይክል ሁይ ቀልድ ግን በጥንቃቄ የተገነባ ነው። መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው። በ1990 ስቴፈን ቾው መጣና መድረሻውን አነሳው። ከአንድ ዓመት በፊት በወጣ ዝነኛ የቁማርተኛ ፊልም ላይ የሚያሾፍ ሥራ ላይ ተወነ፤ ያ ፊልም የከተማዋን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። ሰውዬው ከዚያ በፊት የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ነበር። ምናልባት ልጅዎ ከእርስዎ ቀድሞ የሳቀው ለዚህ ይሆናል።

«ሻኦሊን ሶከር»፣ በቻይናው የሻኦሊን ገዳም ኩንግ ፉ የተማሩ ወንድማማቾች እግር ኳስ የሚጫወቱበት ፊልም፣ የወጣው በሐምሌ 2001 ነው። ቾው ዋናው ተዋናይም ዳይሬክተሩም ነበር።

አሁን ወደ መፍቻው። የሻኦሊን ልጆች ኳስ እንደጀመሩ ከዱርዬዎች ቡድን ጋር ይጋጠማሉ። ከዱርዬዎቹ አንዱ መፍቻ ይጥላል። ምንድን ነው ይሄ? ሰውዬው ይመልሳል፦ የመኪና መካኒክ ነኝ፤ መፍቻ ይዤ ብዞር ምን ያስገርማል? ፊቱ ላይ የፈገግታ ምልክት የለም። ልክ ቀበሌ ቀርቦ መታወቂያ እንደሚያሳድስ ሰው ኮስተር ብሎ ነው የሚናገረው።

ቀልዱ ያለው እዚህ ነው። ማብራሪያው ከጥፋቱ ይብሳል። መካኒክ መፍቻ መያዙ እውነት ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ስለዚህ ለአፍታ እርስዎም «እሺ፣ ልክ ነው» ሊሉ ይዳዳዎታል። ከዚያ ሰውዬው ቁምጣ ለብሶ ሜዳ መሐል መቆሙ ትዝ ይልዎታል። ያቺ አንድ ሰከንድ ናት ሞ ሌይ ታው። ተዋናዩ ትንሽ እንኳ ፈገግ ቢል ያልቅለታል። እብደቱን ይዞ የሚመጣው ሰው ራሱ እብደት መሆኑን ማወቅ የለበትም።

እኔ ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ የአንዱ ክርን የሌላው ጎን ውስጥ። ኳሷ ስትነድ ቤቱ በፉጨት ተናወጠ። መፍቻው ሲወድቅ ጸጥ። ከኋላ አንድ ሰውዬ ብቻ ለብቻው ይንፈቀፈቃል። ስንወጣ ምን እንዳሳቀው ጠየቅሁት። ጋራዥ ነው የሚሠራው። «እኔ ካቻቢቴ ኪሴ ውስጥ ረስቼ ሚዜ ሆኛለሁ» አለኝ። ለእሱ ትዕይንቱ ቅጥ አምባር አላጣም። ለእሱ የዘወትር ኑሮ ነው።

ችግሩ እኛ ቀልድ ስንሰማ ነጥቡን የመፈለግ ልማድ ያለን መሆኑ ነው። ከአለቃ ገብረሃና ጀምሮ ቀልዳችን ላይ አንድ ሰው ይመታል። ቃሉ ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፣ አንዱ ይነካል፣ አድማጭ «ወይ አለቃ!» ይላል። መፍቻውን የጣለው ሰውዬ ግን ማንንም አልነካም። ሰም ብቻ ነው ያለው። ወርቁን ሲቆፍሩ ከመሸብዎ ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም።

እንዲህ እየተለቀቀ ፊልሙ እንዴት አልፈረሰም? ይሄ ነው እኔን ሁሌ የሚገርመኝ። መልሱ የስፖርት ፊልም መሆኑ ላይ ነው። የስፖርት ፊልም አጥንት ሁሉም ሰው ያውቀዋል። የተዋረደ የቀድሞ ኮከብ አሠልጣኝ ይሆናል። የማይረቡ ልጆች ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ ይደበደባሉ፣ ከዚያ ይነሳሉ። ውድድር ይገባሉ። ፍጻሜው ላይ ክፉው ቡድን ይጠብቃቸዋል። ቾው ከዚህ አጥንት አንዷንም አላነሳም። አሠልጣኙ ፈንግ ጉቦ በልቶ ሪጎሬ የሳተና ተመልካቹ ሜዳ ገብቶ እግሩን የሰበረው ሰው ነው። ያጎረሰው የቡድን ጓደኛው ሁንግ ዛሬ ሀብታም የክለብ ባለቤት ነው፤ ፈንግ ደግሞ የእሱ ተላላኪ። ይህን ብቻ ነጥለው ቢያወሩት ደረቅ ድራማ ነው። መንገዱ እንዲህ የተጠረገ ስለሆነ መኪናው ውስጥ የፈለገ ሰው ቢያብድ ተመልካች አይጠፋም።

የሻኦሊን ወንድማማቾቹንም ይመልከቷቸው። የብረት ራስ ያለው ታላቅዬው ናይት ክለብ ውስጥ ጽዳት ይሠራል፤ አለቃው ሲናደድ ራሱ ላይ ጠርሙስ ይሰብራል። አንዱ ሳህን አጣቢ ነው። አየር ላይ መንሳፈፍ የሚችለው ወፍሮ ወፍሮ ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ይደረድራል። ሦስተኛው ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ላይ ተጣብቋል። በየሰከንዱ መቶ ሺዎች እንደሚያገላብጥ ይፎክራል። ቾው የሚጫወተው ሲንግ ቆሻሻ ለቃሚ ነው። እያንዳንዳቸው ተአምር የሚሠራ ችሎታ አላቸው፤ በዚያ ችሎታ የሚቀጥራቸው ግን የለም። በ1997 ሆንግ ኮንግ ለቻይና ተመለሰች፤ በዚያው ዓመት የእስያ የገንዘብ ቀውስ መጣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሥራ ያጣ ሰው በከተማዋ ብዙ ነበር። ተመልካቹ ጠርሙሱ ሲሰበር የሳቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሲንግ ጭንቀት ኩንግ ፉን እንዴት ለሕዝብ እንደሚሸጥ ነው። መንገድ ላይ አንዲት ሴት የሙዝ ልጣጭ ረግጣ ስትወድቅ ያያል። ኩንግ ፉ ብታውቅ ኖሮ ባልወደቀች ነበር ብሎ ይተነትናል። መኪና ጠባብ ቦታ ለማቆም፣ አጥር ለመከርከም፣ ሁሉም በኩንግ ፉ። ትንተናውን የሚሰጠው እንደ ኢንሹራንስ ሻጭ በቁም ነገር ነው። ሙዝና ልጣጭ የዓለም እድሜ ጠገብ ቀልድ ነው፤ ቾው ግን በወደቀችው ሴት አይስቅም። መፍትሔ ይዞ ይመጣል። ፊልሙን እስከ መጨረሻ ካዩ ያ ልጣጭ ይመለሳል። አልነግርዎትም፣ ካላስተዋሉት ይፈልጉት።

ኳሱ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስለገባዎት። ተኩሱ፣ የተዘረጋው ሜዳ፣ አየር ላይ የሚቆየው ኳስ ከጃፓኑ የኳስ ካርቱን ከ«ካፒቴን ትሱባሳ» የመጣ መንፈስ ነው። አረብ አገር ያደጉ ወይም የአረብ ቻናል ሲያዩ የኖሩ ልጆቻችን «ካፒቴን ማጂድ» ብለው ያውቁታል። በረኛው ደግሞ ብሩስ ሊ ነው። ቢጫ ልብሱ፣ አቋሙ፣ አፍንጫውን በአውራ ጣቱ የሚጠርግበት። የተጫወተው ዳኒ ቻን በኋላ በ2008 በቻይና ቴሌቪዥን ብሩስ ሊን ራሱን ሆኖ ተወነ። በሹፈት የገባበት ሚና ሥራው ሆነ።

አሁን ማርስ። ይሄኛውን ቀስ ብዬ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ፊልሙ ውስጥ ከሁሉም የምወደው ነው።

ሙይ በእንፋሎት የሚበስል ዳቦ የምትጋግር ልጅ ናት። የእኛን ህብስት ያስቡ። ሊጡን የምታሸው በታይ ቺ፣ በእርጋታ በሚሠራው የቻይና ስፖርት፣ ነው። ፊቷ በቁስል ተሸፍኗል፤ ፀጉሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ ትደበቃለች። ሲንግ ቆንጆ ናት ብሎ ያምናል። እሷ የተቀደደ ጫማውን ትሰፋለታለች። ከዚያ ተኳኩላ፣ ለብሳ ስትመጣና ልቧን ስትነግረው «ጓደኛዬ ነሽ» ይላታል። ትጠፋለች።

ፍጻሜው ላይ የሁንግ ቡድን መድኃኒት ተወግቶ መጥቷል። የሻኦሊን ልጆች አንድ በአንድ በቃሬዛ እየወጡ ነው። በረኛ የለም። ያኔ ሙይ ራሷን ተላጭታ ብቅ ትላለች። ሌላ ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ቫዮሊን ይጀምራል። ሲንግ አይቷት፣ ምድር አደገኛ ስለሆነች ቶሎ ወደ ማርስ እንድትመለስ ይመክራታል።

የተላጨ ራስ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ያስመስላል፤ ላይኛው ቀልድ ይሄ ነው። ግን ሰውዬው ሊላት የፈለገው ሌላ ነው። «ትጎጂብኛለሽ፣ ሂጂልኝ» ነው። እንደዚያ ለማለት መብት የለውም፤ ራሱ ነው የገፋት። ስለዚህ ጭንቀቱን እብደት አለበሰው። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ብተረጉም ማርስን አልነካም። «ወደ መጣሽበት ተመለሺ» ብንለው ለጆሯችን የቀለለ ይመስላል፣ ግን ስድብ ይሆናል። ማርስ ስለገባበት ነው ፍቅር የሆነው። ያዩት ሰብታይትል «ማርስ» ካለ ተርጓሚው እንጀራውን ሠርቶ በልቷል።

በነገራችን ላይ ካንቶንኛ የማያውቀው ዋናው ቻይናም ይህን ቀልድ የሚሰማው በትርጉም ነው። ቾው በማንዳሪን ሲናገር ለዓመታት የሰሙት ድምፅ የእሱ አይደለም። ሺ ባንዩ የሚባል የታይዋን ድምፅ ተዋናይ ነበር። ልዩ ሳቅ ነበረው። ብዙዎች ያንን ድምፅ ከቾው ለይተው አያዩትም። የካንቶንኛው የቃላት ጨዋታ ጠፍቶም ቀልዱ ተሻግሯል። ስለዚህ ወደ አማርኛ ሲመጣም ሞቶ የሚደርስ አይመስለኝም።

ሳይሻገር የቀረበት ቦታ አለ፤ አሜሪካ። ሚራማክስ የሚባል የአሜሪካ ፊልም አከፋፋይ ፊልሙን ገዛ፣ የሚወጣበትን ቀን ደጋግሞ ገፋ፣ በመጨረሻ በ2004 ሲያወጣው ከ110 ደቂቃ በላይ የነበረው ወደ 87 ደቂቃ ወርዶ ነበር። ታሪኩን የማያራምድ ነገር ቆረጥን ማለት ነው መቼም። የዚህ ዓይነት ቀልድ ደግሞ ሥራው ታሪኩን አለማራመድ ነው! የሚያዩት ቅጂ ከ90 ደቂቃ በታች ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ምናልባት ግማሹ ያልገባዎት ግማሹ ስላልነበረ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። እርስዎ ሳይጠይቁኝ ነው፤ ግን «ቅጥ አምባር የለውም» ስላሉ። ከፍጻሜው በፊት ክፉው ሁንግ ይፎክራል። ዳኛው የኔ፣ የመስመር ዳኞቹ የኔ፣ ፌዴሬሽኑም የኔ ሰዎች፤ በምን ልትገጥሙኝ ነው? ይላል። በ2001 ይህ የካርቱን ክፋት ነበር። ያኔ የቻይና ኳስ ሰርግና ምላሽ ላይ ነበር። ፊልሙ በወጣ በሦስት ወር ውስጥ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2001፣ ቻይና ሼንያንግ ላይ ኦማንን 1 ለ 0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አለፈች። በ2002 ሄዳ ሦስቱንም ተሸነፈች። ዘጠኝ ገባባት፣ አንድም አላገባችም። ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አልሄደችም።

ቀስ በቀስ ደግሞ ሌላው ወጣ። በ2012 ፍርድ ቤቶች የእግር ኳስ ማኅበሩን ሁለት የቀድሞ አለቆች፣ ናን ዮንግንና ሺዬ ያሎንግን፣ በጉቦ 10 ዓመት ከመንፈቅ ፈረዱባቸው። በዚያው ዓመት ሉ ጁን የተባለው ዳኛ 5 ዓመት ከመንፈቅ ተቀበለ። ይህ ሰው በ2002 ዓለም ዋንጫ ላይ የዳኘ ነው፤ አገሩ «ወርቃማ ፊሽካ» ትለው ነበር። በ2024 የማኅበሩ ሊቀመንበር የነበረው ቼን ሹዩዋን ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የቀድሞው የብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ ሊ ቲዬ 20 ዓመት። ሊ ቲዬ በ2002 ዓለም ዋንጫ ላይ የተጫወተ ልጅ ነው። የቻይና ደጋፊ ዛሬም ቡድኑ አጠራጣሪ ፔናሊቲ ሲሰጥበት የሁንግን ፉከራ ነው የሚጠቅሰው። ከፊልሙ ሁሉ ይበልጥ የተጋነነ የሚመስለው ንግግር ዜና ሆኖ ተገኘ።

ቾው ይህን አስቀድሞ አውቆ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ክፉ ሰው ሲያስፈልገው በጣም ክፉ አደረገው፣ ያው ነው።

በወቅቱ ፊልሙ ሆንግ ኮንግ ላይ 60 ሚሊዮን የከተማዋ ዶላር ገደማ አስገባ፤ እስከዚያ የትኛውም የአገሩ ፊልም ያላገኘው ነው። በዓመቱ የሆንግ ኮንግ ፊልም ሽልማት ላይ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተር፣ ምርጥ ተዋናይ ወሰደ። የብረት ራሱ ታላቅ ወንድም፣ ዎንግ ያት ፌይ፣ የምርጥ ረዳት ተዋናይነቱን አገኘ። ጠርሙሱ ከንቱ አልቀረም።

እንግዲህ እንደገና ሲያዩት ምን ያድርጉ? አንድ ትዕይንት ብቻ ልስጥዎት። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ፈንግ ሲንግን መንገድ ላይ ያገኘዋል። ሲንግ ባዶ የቢራ ቆርቆሮ በእግሩ ይመታል። ቆርቆሮው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ፈንግ ቀና ብሎ ይጠብቃል። አይወርድም። ደሃ ሰውዬ የሚቀባጥር እብድ ነው ብሎ ጥሎት ይሄዳል።

ብዙ ሰው እዚያ ላይ ቆርቆሮውን ነው የሚከታተለው። እርስዎ የፈንግን ፊት ይመልከቱ። የተጫወተው ንግ ማንታት ነው፤ በ2021 ያረፈው፣ ከቾው ጋር ብዙ ፊልም የሠራው። ፊቱ ቀልድ እየሠራ መሆኑን አያውቅም። በአንድ ወቅት ኳስ ይመታ የነበረ፣ አሁን እያነከሰ የሚሄድ፣ ምሳውን ያልበላ ሰው ፊት ነው። ጥቂት ቆይቶ በአንድ ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ቆም ይላል። ቆርቆሮው ግድግዳው ውስጥ ተሰክቷል። ማንም አይናገርም፣ ሙዚቃ ጮክ አይልም። እሱ ቆርቆሮውን ያየዋል፣ ከዚያ የመጣበትን አቅጣጫ ያያል።

ልጅዎ እዚያ ጋ ሳቀ? ይጠይቁት። ካልሳቀ እርስዎ ይቅደሙት።